ታይላንድ ቅኝ ያልተገዛችው በነገሥታቱ ብልሃት ነው ወይስ እንግሊዝና ፈረንሳይ ስለተስማሙባት?

ቡና_ጠጪዋ

ሰላም እንዴት ናችሁ የቤቱ ሰዎች። አክስቴን ለህክምና ይዤ ባንኮክ ነው ያለሁት፣ እዚህ የሚያስተረጉምልን ልጅ ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ «እናንተም እንደኛ ቅኝ አልተገዛችሁም አይደል» አለኝ። ደስ አለኝ ግን የምመልስለት ነገር አጣሁ፣ ስለነሱ ታሪክ ምንም አላውቅም። ከዛ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ፣ ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ ግራ እየገባኝ መጣ። ግማሹ ንጉሥ ሞንግኩትና ልጁ ቹላሎንግኮርን ዲፕሎማሲ የገባቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ እንግሊዝ በርማንና ማላያን ስትይዝ ፈረንሳይ ቬትናምን፣ ካምቦዲያንና ላኦስን ስትይዝ ሁለቱ እንዳይጋጩ መሀል ላይ ባዶ ቦታ ስለፈለጉ ብቻ ነው የተረፈችው ይላል፣ በቃ ባፈር ስቴት ናት ይላል።

እኛ አድዋ አለን። እነሱስ? ከፈረንጅ ጋር የተዋጉት ጦርነት አለ? ሳይዋጉ ከሆነ ያመለጡትስ ምን ከፍለው ነው? የሚያውቅ ሰው ዘርዘር አድርጎ ይጻፍልኝ፣ ቢረዝምም አነባለሁ፣ ሆስፒታል ቁጭ ብዬ የምውልበት ሰዓት ብዙ ነው።

አራት_ኪሎ

እህቴ በመጀመሪያ ለአክስትሽ ምህረቱን ያውርድላቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳንደናገር።

ሰው ታሪኩን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምረዋል ግን ሲያም (ያኔ ስሟ ይሄ ነበር) ፈረንጅን ያወቀችው ከዛ በጣም ቀድማ ነው። ፖርቱጋሎች ማላካን በ1511 እንደያዙ ወዲያው ወደ ዋና ከተማዋ አዩትያ መልክተኛ ላኩ፣ ከዛ ሆላንዶች መጡ፣ እንግሊዞች መጡ፣ በንጉሥ ናራይ ጊዜ ደግሞ ፈረንሳዮች። ናራይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ኮንስታንቲን ፋውልኮን የሚባል ግሪካዊ ነበር፣ በመርከብ ላይ ተላላኪነት የጀመረ ሰው እየተነሳ እየተነሳ የንጉሡ ቀኝ እጅ ሆነ፣ ከፈረንሳይ ጋር የሚያገናኘውም እሱ ነው። በ1686 የሲያም መልክተኞች ቬርሳይ ድረስ ሄደው ሉዊ 14ኛ ፊት ቀረቡ። በዓመቱ ግን ፈረንሳይ ወታደር በመርከብ ጭና መጥታ ባንኮክና መርጊ ላይ ሰፈረች፣ የሉዊ ምኞት ደግሞ ንጉሡን ካቶሊክ ማድረግ ነበር። 1688 ላይ ናራይ ታሞ አልጋ ላይ እያለ ፔትራቻ የሚባለው የዝሆን ጦር አዛዥ ቤተ መንግሥቱን ያዘ፣ ፋውልኮን ተገደለ፣ የፈረንሳይ ጦርም ባንኮክ ላይ ለወራት ተከቦ ቆይቶ ለቆ ወጣ። የኛ ፋሲለደስ ዬሱሳውያንን ካስወጣ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው፣ ነገሩ በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሲያም በሩን ጨርሳ አልዘጋችም፣ ሆላንዶች ንግዳቸውን ቀጥለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሁሉም ነገር የሚዞረው 1855 ላይ ነው። ሞንግኩት ከመንገሡ በፊት 27 ዓመት መነኩሴ ነበር፣ ገዳም እያለ ከሚሲዮናውያን እንግሊዝኛና ላቲን ተምሯል፣ አስትሮኖሚ ነፍሱ ነው። ገዳም ውስጥ ሆኖ ግን የጎረቤቶቹን ነገር ይከታተል ነበር። በርማ ከ1824 እስከ 1826 ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ የባህር ዳርቻዋን አጣች፣ 1852 ላይ ደግሞ ራንጉንን አስወሰደች፣ ቻይና እንኳን ያን ሁሉ አገር ሆና በኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ ሆንግ ኮንግን ሰጥታለች። እናም የሆንግ ኮንጉ ገዢ ሰር ጆን ቦውሪንግ በጦር መርከብ ባንኮክ ሲደርስ ሞንግኩት ምን ሊመጣ እንደሚችል አውቆታል፣ ጥቂት ሳምንት ተነጋግረው ኤፕሪል 18 ቀን 1855 ተፈራረሙ።

ውሉ ምን ይላል ብትዪ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ሲያም ከ3 በመቶ በላይ ቀረጥ መጣል አትችልም፣ የንጉሡ የንግድ ሞኖፖል ይቀራል፣ እንግሊዞች ከማንም ጋር በቀጥታ ይነግዳሉ፣ ባንኮክ ውስጥ ኮንሱል ይቀመጣል፣ የእንግሊዝ ዜጋ ወንጀል ቢሠራ የሚዳኘው በዛ ኮንሱል እንጂ በሲያም ዳኛ አይደለም። ኦፒየም ራሱ ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ለኮንትራት ያዡ ብቻ ይሸጥ ተብሎ። ከሁሉ የከፋው ውሉ ማብቂያ የለውም፣ ከ10 ዓመት በኋላ ይሻሻል ማለት ይቻላል ግን ሁለቱም ወገን ካልተስማማ አይነካም። በዓመቱ አሜሪካና ፈረንሳይ ተመሳሳዩን አስፈረሙ፣ ከዛ ሌሎቹም እየተከታተሉ መጡ፣ ለአንዱ የተሰጠ ለሁሉም ነው።

መንግሥት ገቢው ሲቀርበት ክፍተቱን የሞላው በምን መሰለሽ፣ በኦፒየም፣ በቁማር፣ በሎተሪና በአረቄ ኮንትራት ነው። የሕዝቡን ሱስ ታክስ አድርጎ አገር ማቆም ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት ምክንያቱም «ብልህ ዲፕሎማሲ» የሚሉት ነገር ሂሳቡን የከፈለው ድሃው ነው። በሌላ በኩል ግን ሩዝ ወደ ውጭ መላክ ስለተፈቀደ የቻኦ ፕራያ ዴልታ ረግረጉ ሁሉ እየታረሰ ሲያም ከዓለም ትልልቅ ሩዝ ሻጮች አንዷ ሆነች፣ ይሄም መካድ የለበትም።

ሞንግኩት ስሌቱ ግልጽ ነበር ብዬ ነው የማምነው፣ እንግሊዝ የምትፈልገው ንግድ ከሆነ ንግዱን ልስጣትና ለመውረር ምክንያት ትጣ። ተሳክቶለታል። አሟሟቱ ራሱ ያሳዝናል። ኦገስት 1868 ላይ እሱ ራሱ ያሰላውን የፀሐይ ግርዶሽ ለማሳየት የፈረንሳይ ሳይንቲስቶችንና የሲንጋፖሩን እንግሊዛዊ ገዢ ዋ ኮ የሚባል ረግረጋማ ቦታ ድረስ ጋበዘ፣ ግርዶሹ እንዳለው ሆነ፣ እሱ ግን እዛው ወባ ይዞት በኦክቶበር 1 ሞተ። ዙፋኑን የ15 ዓመቱ ቹላሎንግኮርን ወረሰ፣ እሱም በዛው ወባ ታሞ ነበር።

ደብረሲና

አራት ኪሎ አሪፍ ነው የጻፍከው ግን የጦርነቱን ጥያቄ ዘለልከው፣ እኔ ልሙላው ምክንያቱም «ሲያም ሳትዋጋ በዲፕሎማሲ አመለጠች» የሚባለውን ነገር አልቀበለውም። ተዋግታለች። ተሸንፋ ነው።

1893 ነው። ፈረንሳይ ቬትናምን ከያዘች በኋላ ከሜኮንግ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው ሁሉ የቬትናም ነበር ስለዚህ የኔ ነው ማለት ጀመረች፣ ኦጉስት ፓቪ የሚባለው ባንኮክ ያለው ተወካይዋ ለዓመታት ላኦስን በእግሩ ያሰሰ ሰው ነው፣ ነገሩን ያጦዘውም እሱ ነው። የፈረንሳይ ጦር ወደ ሜኮንግ ሲገፋ ግጭት ተነሳና ግሮስጉረን የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ተገደለ። ፓሪስ ውስጥ የቅኝ ግዛት ፓርቲው ደም ፈላበት።

ከዛ ጁላይ 13 ምሽት ላይ ኢንኮንስታንና ኮሜት የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ጋንቦቶች (ትንንሽ የጦር መርከቦች) የቻኦ ፕራያን ወንዝ አፍ ፓክናም ላይ ገቡ፣ ዣን ባቲስት ሴይ የሚባል የንግድ መርከብ መንገድ እያሳያቸው። ሲያሞች ዝግጅት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፣ አዲስ የተሠራ ምሽግ ነበራቸው፣ ከእንግሊዝ የተገዛ ከጉድጓድ ብቅ ብሎ ተኩሶ መልሶ የሚሰወር የአርምስትሮንግ መድፍ ነበራቸው፣ የባህር ኃይሉን የሚመራው ሪሼልዩ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ተኮሱ። መንገድ መሪዋን መርከብ መትተው ዳር አስያዟት። ግን መድፎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በቂ ልምምድ አልነበረውም፣ ጋንቦቶቹ እየተታኮሱ አለፉና ባንኮክ መሀል የፈረንሳይ ሌጋሲዮን (ኤምባሲ በይው) ፊት ለፊት መልህቅ ጣሉ። የቤተ መንግሥቱ ሰው መድፋቸውን በዓይኑ ያየዋል።

ቀጥሎ ኡልቲማተም መጣ፣ 48 ሰዓት። ቹላሎንግኮርን እንግሊዝ ትደርስልኛለች ብሎ ጠበቀ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ሮዝበሪ ያሉት ተቀበሉና ጨርሱ ነው። እዚህ ላይ ነው የባፈር ስቴት ወሬ የሚፈርሰው ለኔ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እንግሊዝ አንድ ጥይት አልተኮሰችም። ፈረንሳይ ወደቡን ዘጋች፣ ኦክቶበር 3 ላይ ውሉ ተፈረመ፣ የሜኮንግ ግራ ዳርቻ በሙሉ፣ ወንዙ ውስጥ ያሉ ደሴቶች ጭምር ተሰጠ፣ በቀኝ በኩልም 25 ኪሎሜትር ድረስ የሲያም ጦር አይደርስም ተባለ፣ ሚሊዮን ፍራንኮች ካሳ ተከፈለ፣ ዋስትና ተብሎ ቻንታቡሪ ከተማ በፈረንሳይ ወታደር ተያዘ፣ ከ10 ዓመት በላይ። ታይላንዶች ካሳው የተከፈለው የቹላሎንግኮርን አጎት (የሞንግኩት ወንድም) ራማ 3ኛ ከቻይና ንግድ አጠራቅሞ በቀይ ከረጢት ባስቀመጠው የሜክሲኮ ብር ነው እያሉ ይተርካሉ፣ አስተርጓሚሽን ብትጠይቂው ያውቀዋል።

በመኮንኑ ግድያ የተከሰሰውን ፕራ ዮት የሚባለውን የሲያም ባለሥልጣን የሲያም ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው፣ ፈረንሳይ አልቀበልም ብላ የራሷ ዳኞች የበዙበት ፍርድ ቤት አቋቁማ 20 ዓመት አስፈረደችበት። አገር ነጻ ነው እያልን የራሱን ሰው ነጻ ማለት አልቻለም።

ንጉሡ ከዚህ በኋላ በጠና ታመመ፣ መኖር ሰልችቶት ነበር ይባላል። እኔ ይሄን ሰው የማከብረው ለዚህ ነው፣ ከዛ አልጋ ተነስቶ 17 ዓመት ሠርቷል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1896 ለንደን ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተፈራረሙ፣ የቻኦ ፕራያን ተፋሰስ ማናችንም በጦር አንገባበትም ብለው። አድዋ ሊሆን 6 ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ሲያም ውሉ ላይ አልተጠየቀችም፣ ዋስትናው ደግሞ መሀል አገሩን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ምሥራቁና ደቡቡ ልሳነ ምድር ውጪ ቀረ፣ ማለትም እሱን እንደፈለግን እንቆራርጠዋለን ማለት ነው። እኛም ላይ እኮ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክን ሳያማክሩ ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

የሐረሯ

ሁለታችሁም ደስ የሚል ነው የጻፋችሁት፣ ግን «ሲያም ሰጠች»፣ «ሲያም አጣች» ስትሉ የተሰጠው ሰው የት ነው ያለው? መሬቱ ላይ የሚኖረውን ማን ጠየቀው?

ላኦስን እንይ። ቪየንቲያንን በ1820ዎቹ መጨረሻ ያቃጠላት የሲያም ጦር ነው። ንጉሥ አኑዎንግ አመፀ፣ ተሸነፈ፣ ባንኮክ ላይ ተይዞ ሞተ፣ ከተማዋ ባዶ ሆነች፣ ሕዝቡ በብዙ ሺህ እየተነዳ ወንዙን ተሻግሮ ዛሬ ኢሳን በሚባለው የታይላንድ ክፍል ሰፈረ። ፈረንሳይ ስትመጣ ሜኮንግን ድንበር ስላደረገችው ዛሬ ላኦ ተናጋሪው ሕዝብ ታይላንድ ውስጥ ያለው ላኦስ ውስጥ ካለው ይበዛል። ይሄ የሁለት ገዢዎች ሥራ ነው።

ደቡቡ ደግሞ ይብሳል። ፓታኒ የማላይ ሙስሊሞች ሱልጣኔት ነበረች፣ በ1902 ባንኮክ ራጃውን አብዱል ቃድርን አስራ ሥልጣኑን ወሰደች። 1909 ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ከዳህ፣ ፐርሊስ፣ ክላንታንና ትሬንጋኑ ለእንግሊዝ ተሰጡ፣ ፓታኒ ወደ ሲያም ተመደበች፣ ወንድምና ወንድም ድንበር ተሰመረባቸው። የከዳህ ሱልጣን ሳይጠየቅ ነው አገሩ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው፣ በጣም ተቆጥቶ እንደነበር ይታወቃል። በለውጡ ሲያም ያገኘችው ለደቡቡ ባቡር 4 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ነው። የዛሬው የደቡብ ታይላንድ ግጭት፣ ከ2004 ጀምሮ ከ7 ሺህ ሰው በላይ የሞተበት፣ ሥሩ እዚህ ነው።

ቹላሎንግኮርንና ወንድሙ ልዑል ዳምሮንግ ያደረጉት ሪፎርም የሚባለው ነገር፣ ከባንኮክ ሹም እየላኩ የአካባቢውን ባላባት መተካት፣ ታክሱን ወደ ማዕከል መሰብሰብ፣ ይሄ እንግሊዞች ማላያ ላይ የሚሠሩትን እያዩ የተማሩት ነው። ኢሳን ውስጥ በ1901 እና 1902 «ቅዱሳን ሰዎች» የሚባሉ ተነስተው ያመፁት በዚህ ምክንያት ነው፣ በመድፍ ነው የተደመሰሱት። የጥገኝነትንና የባርነትን ሥርዓት ከ1874 ጀምሮ ቀስ በቀስ አስቀርቶ 1905 ላይ መጨረሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ያን አልክድም። ግን ቅኝ ያልተገዛ ማዕከል ዳር አገሩን እንዴት ገዛ የሚለውም የታሪኩ ግማሽ ነው፣ በዛው ዘመን በኛም ደቡብና ምሥራቅ የሆነውን የምናውቅ ሰዎች ይሄ አይከብደንም፣ የሐረር ልጅ ነኝና ለኔ በተለይ አይከብደኝም።

ደብረሲና

የሐረሯ ነጥብሽ ትክክል ነው፣ የፓታኒው በተለይ። ግን አንድ ቦታ ላይ እከራከርሻለሁ። ማዕከሉን ባያጠናክር ኖሮ ያ ዳር አገር ነጻ አይሆንም ነበር፣ ወይ ፈረንሳይ ወይ እንግሊዝ ነው የሚወስደው፣ ፈረንሳይ ላኦስን ስትወስድ ያለችው እኮ «ሲያም እዚህ አስተዳደር የላትም» ነው። ቹላሎንግኮርን ያንን ክርክር ለማሳጣት ነው ሹም፣ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ባቡር የዘረጋው። የመጀመሪያው ትልቅ መስመር ከባንኮክ ወደ ኮራት ከተማ ነው፣ 1900 ላይ ተከፈተ፣ ወዴት እንደሚያመለክት እይው፣ ወደ ሜኮንግ።

ቡና_ጠጪዋ

ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ፣ ለአክስቴ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው፣ የፕራ ዮት ታሪክ ላይ ስትደርስ «ይሄማ ግፍ ነው» አለች። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ያ የ1855ቱ ውል ማብቂያ ከሌለው በምን ወጡበት? የራሳቸውን ፍርድ ቤት መቼ አገኙ?

ህግ_ነክ

ይሄ የኔ ሰፈር ነው። ሳይወራለት የሚቀረውም የዚህ ታሪክ ትልቁ ድል እዚህ ነው ያለው እላለሁ።

መጀመሪያ ግን ኢትዮጵያውያን ሁላችን ልናውቀው የሚገባ አንድ ሰው አለ፣ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ። በጃንዋሪ 1908 አዲስ አበባ ላይ ከምኒልክ ጋር የተፈራረመው የፈረንሳይ ዲፕሎማት ነው፣ በዛ ውል ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈረንሳዊ፣ በኋላም ሌላው የውጭ ዜጋ ሁሉ፣ በኮንሱሉ ካልሆነ በኛ ዳኛ ብቻ የማይዳኝ ሆነ፣ የቀረጥ መጠናችንም በውል ታሰረ። አድዋን ያሸነፈች አገር ማለት ነው ይሄ የደረሰባት። ሰውየው ከኛ ጋር ተፈራርሞ በዛው ዓመት የት ሄደ? የፈረንሳይ ኢንዶቻይና ጠቅላይ ገዢ ሆኖ፣ የሲያም ጎረቤት። ስለዚህ ቡና ጠጪዋ አስተርጓሚሽ «እንደኛ» ሲልሽ ከሚያስበው በላይ እውነቱን ነው፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው ሁለታችንንም ያሰረን።

አሁን አወጣጣቸው። ፈረንጆቹ ሁሌ የሚሉት «ሕጋችሁ አረመኔያዊ ነው፣ ዜጋችንን ለናንተ ዳኛ አንሰጥም» ነው። ሲያሞች ሕጉን መጻፍ ጀመሩ። ቹላሎንግኮርን አማካሪ ሲመርጥ የሚያየው ነገር ነበረው፣ ድንበሩ ላይ ዓይን የሌለው አገር ሰው። ከ1892 ጀምሮ ዋና አማካሪው ጉስታቭ ሮላን ዣክሚን የሚባል ቤልጂየማዊ ነው፣ በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ ሰው፣ ከሱ በኋላ ቦታውን ለዓመታት አሜሪካውያን የሕግ ሰዎች ያዙት። የኛው ምኒልክ ስዊዘርላንዳዊውን አልፍሬድ ኢልግን የያዙት በተመሳሳይ ስሌት ይመስለኛል። ልዑል ዴቫዎንግ ደግሞ ከ1885 እስከ 1923 ሳይቀየር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፣ 38 ዓመት፣ የፈረንጅ ሚኒስትሮች በየጊዜው ሲለዋወጡ እሱ የእያንዳንዱን ውል አንቀጽ ያስታውሳል።

የወንጀል ሕጉ 1908 ላይ ወጣ። ከዛ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እያደረጉ ነው የዳኝነት ሥልጣኑን ያስመለሱት። 1907 ላይ ባታምባንግን፣ ሲየም ሪፕንና ሲሶፎንን ለፈረንሳይ ሰጥተው ትራትንና ዳን ሳይን መልሰው ያገኙት ብቻ ሳይሆን የፈረንሳይ እስያውያን ዜጎች (ቬትናሜው፣ ካምቦዲያዊው) በሲያም ፍርድ ቤት እንዲዳኙ አስፈቀዱ። 1909 ላይ የሐረሯ ያነሳችው ውል ውስጥም እንግሊዝ የዳኝነት መብቷን በደረጃ መልቀቅ ጀመረች። መሬት እየሰጡ ፍርድ ቤት መግዛት ነው።

ቹላሎንግኮርን 1910 ላይ ሞተ፣ ልጁ ራማ 6ኛ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፣ ጁላይ 1917 ላይ ጀርመንና ኦስትሪያ ላይ ጦርነት አወጀና ከ1,200 በላይ ወታደር ፈረንሳይ ላከ። የዛሬው ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራቸው የመጣው በዛው ዓመት ነው። ወታደሮቹ ብዙም ሳይዋጉ ጦርነቱ አለቀ ግን ሲያም ቬርሳይ ላይ ከአሸናፊዎቹ ጋር ተቀመጠች፣ የመንግሥታቱ ማኅበርም መሥራች አባል ሆነች፣ እኛ የገባነው በ1923 ነው። እዛ ጠረጴዛ ላይ ሆነው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ውሎቹ ይሰረዙ። 1920 ላይ አሜሪካ እሺ አለች። ከዛ የፕሬዚዳንት ዊልሰን አማች ፍራንሲስ ሴይር፣ የሃርቫርድ የሕግ መምህር ነው፣ ለሲያም ተቀጥሮ አውሮፓን እየዞረ በ1925 ፈረንሳይንም እንግሊዝንም አስፈረመ። የመጨረሻው ቁርጥራጭ የቀረው ከ1932ቱ አብዮት በኋላ በ1937 ነው፣ ያኔ ፕሪዲ ፋኖምዮንግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ከቦውሪንግ ስትቆጥሪው 82 ዓመት። ለኔ አድዋቸው ይሄ ነው፣ በዳኛና በጸሐፊ የተሠራ።

አራት_ኪሎ

ህግ ነክ እዚህ ጋ ተስማምተናል። ስለዚህ «ወይስ» ተብሎ መጠየቁ ራሱ ትንሽ ያሳስታል፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሀሉን ለመተው መስማማታቸው እውነት ነው፣ ግን ሲስማሙ ሊተውት የሚችሉት፣ ዕዳ ያልተበተበው፣ ሹም ያለው፣ ውል የሚያከብር መንግሥት እዛው ተቀምጦ ስለነበር ነው። የበርማ ንጉሥ ቲቦ በእንጨት ኩባንያ ጉዳይ ከእንግሊዝ ጋር ተጣልቶ በ1885 አገሩ ተወስዶ እሱ ሕንድ ተሰደደ፣ በርማም እኮ በሕንድና በኢንዶቻይና መሀል ነበረች፣ መሀል መሆን ብቻ አላዳናትም።

መርከበኛው

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ማንም አላነሳውም። ፈረንሳይ በሂትለር ስትወድቅ የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒቡን አጋጣሚውን ተጠቅሞ የጠፋውን መሬት ለማስመለስ ኢንዶቻይና ላይ ዘመተ፣ በየብስ ተሳካለት፣ በባህር ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 1941 ኮ ቻንግ ደሴት አጠገብ ፈረንሳዮች መርከቦቹን መቱበት፣ ቶንቡሪ የምትባለው ትልቋ ከጥቅም ውጪ ሆነች። ጃፓን አስታራቂ ሆና ገብታ ባታምባንግን ጨምሮ መሬቱን አስመለሰችላቸው። በዛው ዓመት ዲሴምበር 8 ላይ ግን ጃፓን ራሷ ጦሯን አወረደችባቸው፣ ጥቂት ሰዓት ተዋግተው አሳለፏት፣ ጃንዋሪ 1942 ላይ እንግሊዝና አሜሪካ ላይ ጦርነት አወጁ። ዋሽንግተን ያለው አምባሳደር ሴኒ ፕራሞጅ መግለጫውን አላደርስም ብሎ የነጻ ታይ ንቅናቄን አቋቋመ፣ ውስጥ አገር ደግሞ ህግ ነክ የጠቀሰው ፕሪዲ ራሱ ንቅናቄውን በድብቅ ይመራ ነበር። ይሄ ነው ከጦርነቱ በኋላ ያዳናቸው፣ አሜሪካ እንደ ጠላት አላየቻቸውም። እንግሊዝ ግን እስከ 1.5 ሚሊዮን ቶን ሩዝ በነጻ አምጡ ብላ አስፈረመች፣ ለፈረንሳይም በ1946 መሬቱን መልሰው ነው የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የገቡት።

ቡና_ጠጪዋ

መርከበኛው አመሰግናለሁ፣ ይሄን ጨርሶ አላውቅም ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጁላይ 2025 ላይ ከካምቦዲያ ጋር የተዋጉት፣ ያ የቤተ መቅደስ ነገር፣ ከዚህ ከምታወሩት ጋር ይገናኛል?

ህግ_ነክ

በቀጥታ ይገናኛል። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የ1904ቱ ውል ድንበሩ በዳንግሬክ ተራራ ላይ ውሃው ወደ ሁለት የሚከፈልበትን መስመር ይከተላል ተባለ። ካርታውን የሚያነሳ ባለሙያ ሲያም ስላልነበራት ፈረንሳዮቹን ሥሩልን አለች፣ የፈረንሳይ መኮንኖች ሠሩ፣ ፓሪስ ታተመ፣ 1908 ላይ ለሲያም ተሰጠ። ካርታው ላይ ፕሬህ ቪሄር የሚባለው ቤተ መቅደስ ካምቦዲያ ውስጥ ነው ያለው፣ መሬት ላይ የውሃውን መስመር ብትከተዪ ግን በታይላንድ በኩል ይወድቃል ነው የታይላንድ ክርክር። ያኔ ልዑል ዳምሮንግ ካርታውን ተቀብሎ አመሰገነ፣ ለክፍለ አገር ሹሞች የሚበተን ደግሞ ተጨማሪ 15 ኮፒ ላኩልኝ አለ። 1930 ላይ ራሱ ዳምሮንግ ቤተ መቅደሱን ሊጎበኝ ሲሄድ የፈረንሳዩ ሹም ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ በፈረንሳይ ባንዲራ ሥር ተቀበለው፣ ያኔም ተቃውሞ አልቀረበም። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት 1962 ላይ 9 ለ 3 ለካምቦዲያ ሲፈርድ ዋና ማስረጃ ያደረገው ይሄንኑ ዝምታ ነው፣ ካርታውን ተቀብላችሁ ከ50 ዓመት በላይ ዝም ብላችኋል አለ። ያ ፍርድ ስለ ፕሬህ ቪሄር እንጂ ስለ ሌሎቹ አልነበረም፣ ጁላይ 2025 ላይ ተኩሱ የተነሳባቸው ታ ሙዌን ቶም (ካምቦዲያዎች ታ ሞአን ቶም የሚሉት) ቤተ መቅደስ አካባቢ ያሉት ቦታዎች እስካሁን አልተሰመሩም፣ ካምቦዲያ ያንኑ የፈረንሳይ ካርታ ይዛ ትከራከራለች፣ ታይላንድ ደግሞ የ1904ቱን ጽሑፍ።